የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ለአገር በቀል ዛፎችም ቦታ ይያዝ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የአርሶ አደሩን ኑሮ የቀየረ ዛፍ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው መሬት ላይ አርሶ አደሩ ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚመልስ በመሆኑ ቀጥሎ የሚዘራው እህል ይጠቀማል። ከከሰሉ ሽያጭ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰና ልጆቹን ያስተማረ አርሶ አደር ጥቂት አይደለም።

ይኸው ዛፍ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዋግ በሽታ ተመትቷል። ስንዴ አምራቹ ዋግን በደንብ ያውቀዋል። በንፋስ የሚዛመት ፈንገስ ነው፤ የሚመቸውን ተክል እንደ ልብ ካገኘ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመሄድ ጊዜ አይፈጅበትም። ከሸንተረር እስከ ወንዝ ዳር አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ፣ ያውም ዕድሜው ተቀራራቢ የሆነ፣ ማሳ ከማሳ ገጥሞ የተተከለበት አካባቢ ለእንዲህ ያለው በሽታ የተነጠፈ መንገድ ነው። በመካከሉ የሚያግደው ሌላ ዛፍ የለም።

ዛፉን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም፤ አርሶ አደሩንም እንዲሁ። ገበያ ያለውን ተከለ፤ በትንሽ መሬት ላይ ሊያደርግ የሚችለው ይህንኑ ነበር። ጥያቄው የሚነሳው የአካባቢው መሬት ለምን ይዋል የሚለውን የማቀድ ኃላፊነት በተሰጣቸው አካላት ላይ ነው። አሁን ዛፉ በታመመበት ማሳ ላይ ምን ይተከል የሚለው ውሳኔ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴዎች እጅ ይገኛል። በዲከረንስ ፋንታ ባሕር ዛፍን ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚያድግ አንድ የውጭ ዝርያ ዳር እስከ ዳር መተካት አደጋውን በሌላ ስም ማስቀጠል ነው።

የችግሩ አንዱ ምንጭ ደን የሚለካበት መንገድ ነው። በአገሪቱ ትርጉም መሠረት ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ዛፍ የለበሰ መሬት ደን ነው። በዚህ መስፈርት አንድ ግማሽ ሄክታር የዲከረንስ ማሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደን ሆኖ ይመዘገባል። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለው ነባር ደንም ደን ነው። በሪፖርቱ ላይ የሁለቱ ሄክታር አንድ ላይ ይደመራል። በመሬት ላይ ያለው ልዩነት ግን የትየለሌ ነው። በነባሩ ደን ውስጥ ብዙ ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሐረግ፣ ወፍና ነፍሳት አሉ፤ በከሰሉ ማሳ ያለው አንድ ዛፍ ነው፤ እሱም በስድስት ዓመት ውስጥ ይቆረጣል። የደን ሽፋኑ አድጓል የሚል ሪፖርት የቀረበበት ወረዳ የአገር በቀል ዛፍ ዘሩን እያጣ ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ቢሆን ዝርዝሩን ለዕቅድ አውጪው የተወ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደንግጎ ነበር። የትኛው ዛፍ የሚለውን ግን አልመለሰም። ተዳፋቱ ፈጥኖ በሚቆረጥ ዛፍ ከተሸፈነ በየአራትና አምስት ዓመቱ ይራቆታል፤ ክረምቱ ሲመጣም አፈሩ ይሄዳል።

በመሆኑም የቀበሌ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲዘጋጅ “የደን መሬት” ብሎ አንድ ቀለም ቀብቶ ማለፍ አይበቃም። የከሰልና የአጣና ዛፍ የሚተከልበት ቦታ ለብቻው ይመልከት፤ በተለይም የግል ማሳ ላይ፣ ለእርሻ በማይመቸው አሲዳማ መሬት። ምንጭ፣ የወንዝ ዳርና ገደላማው ተዳፋት ደግሞ በአገር በቀል ዛፍ፣ በቀርከሃና በቁጥቋጦ ተሸፍነው እንዲቆዩ በካርታው ላይ ይለዩ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያሉት ነባር ዛፎች የዘር ምንጭ በመሆናቸው በዕቅዱ ላይ በስም መስፈር አለባቸው። በማሳዎች መካከል ብሳናና ግራዋ የያዘ አጥር ከተተወ ንቡ መዋያ ያገኛል። ይህ ለቅንጦት አይደለም። ኑግ ፍሬ ለመያዝ ንብና ሌሎች ነፍሳት ከሌላ ተክል የሚያመጡለትን የአበባ ዱቄት ይፈልጋል፤ ኑግ የሚዘራ አርሶ አደር የነፍሳት ማረፊያ ሲጠፋ ኪሳራው በምርቱ ላይ ይታየዋል።

አብዛኛው ሸክም በወል መሬት ላይ ይረፍ። ከአንድ ሄክታር በታች ያለውን አርሶ አደር ማሳህን ለኮሶ ልቀቅ ማለት አይቻልም፤ በድንበሩ ላይ ጥቂት ዛፍ እንዲተክል ማግባባት ግን ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት በግልጽ መነሳት አለበት። አርሶ አደሩ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ወይም ዝግባ ቢተክል ነገ ለመቁረጥ እከለከላለሁ ብሎ ይሰጋል። በደን ውስጥ በተፈጥሮ የበቀለውን የሚጠብቅ ክልከላ ራሱ በተከለው ላይም ይመጣብኛል ይላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን ያውቃል። ስለዚህ በማሳው የተተከለው አገር በቀል ዛፍ ዓይነቱና ብዛቱ በቀበሌው መዝገብ ላይ በአርሶ አደሩ ስም ቢሰፍር፣ ሲደርስ የመጠቀም መብቱ አያከራክርም። ወጪው አንድ መዝገብና የአንድ ባለሙያ ጊዜ ነው።

ሌላው ጉዳይ የችግኝ ጣቢያው ነው። ካርታው ቢያምርም ችግኙ ከሌለ የሚተከለው ያለው ነው። ዲከረንስ በጥቂት ወራት ለተከላ ይደርሳል። ዝግባና የሐበሻ ጽድ ለመብቀል ይዘገያሉ፤ ለተከላ እስኪደርሱም ረዘም ያለ ጊዜ በጣቢያው መቆየት አለባቸው። የጥቁር እንጨት ዘር ተለቅሞ ብዙ ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፤ ትኩሱን መዝራት ግድ ይላል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ስለሆነ በአካባቢው ሁለቱም ካልቀሩ ዘር አይገኝም። እነዚህ ዛፎች የበጀት ዓመቱን አይጠብቁም። ለመጪው ክረምት አገር በቀል ችግኝ የሚፈልግ ወረዳ እናት ዛፎቹን ለይቶ የለቀማውን ጊዜ ከቀደመው ዓመት ጀምሮ መያዝ ይኖርበታል። ግንቦት ላይ የሚደረግ ጥድፊያ የሚያመጣው ያንኑ የተለመደውን ችግኝ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ሕዝቡ በየክረምቱ ለተከላ መውጣትን ለምዷል። ይህ ጉልበት ትልቅ ሀብት ነው። ወረዳዎች የሚሞሉት የሪፖርት ቅጽ ግን ከተተከለው ብዛት ጎን ስንት ዓይነት ዝርያ እንደተተከለ፣ ስንቱ አገር በቀል እንደሆነ፣ ካለፈው ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ ሊጠይቅ ይገባል። የሚመዘንበትን የሚያውቅ ባለሙያ ወደዚያው ይሠራል።

የአዊ ዋና ከተማ እንጅባራ ኮሶ በር በሚል ስምም ትታወቃለች። በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎች የቀጣዩን ዓመት የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲያቀርቡ፣ የወረዳው የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ከማጽደቃቸው በፊት ኮሶው በካርታው ላይ የት እንደተቀመጠና ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደሚለቀም ይጠይቁ።