ዘይቱን ጠይቁ፣ ከዚያ ብሉ



ለትምህርት ወደ ጃፓን ለመሄድ የሚሰናዱ ልጆች «እዚያ ምን እንበላለን?» ይሉናል። ዛሬ ስለ ቴምፑራ እናውራ።

ቴምፑራ ዓሣ፣ ሽሪምፕ ወይም አትክልት በስስ የስንዴ ሊጥ ተነክሮ በጋለ ዘይት ሲጠበስ ነው። አጠባበሱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች እንዳስገቡት፣ ስሙም ካቶሊኮች ሥጋ ከሚተዉባቸው የጾም ቀናት እንደመጣ ይነገራል። የእኛን የምስር ሳምቡሳ አያስታውስም? በረመዷን እናፈጥርበታለን፤ በዐብይ ጾም ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይበሉታል።

እንግዳ ሆነን ስንቀርብ ግን ሁለት ስሕተት እናያለን። አንዱ «የካፊር ምግብ ነው» ብሎ ሁሉንም ይገፋል። ሌላው «ሥጋ የለበትም» ብሎ ሳይጠይቅ ይጎርሳል። ወንድሜ፣ እህቴ! ዓሣው ሐላል ነው። ማጥቀሻው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሚሪን የተባለ አልኮል ያለው የሩዝ መጠጥ ይገባል። አንዳንድ ቤት ደግሞ የአሳማ ሥጋ በዚያው ዘይት ይጠበሳል። ስለዚህ ዘይቱን ጠይቁ፤ በማጥቀሻው ፈንታ ጨው በሉ፣ በጨው መብላት እዚያም የተለመደ ነው።

መጠየቅ ነውር አይደለም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ጎረቤታችን «የጾም ነው?» ይለናል፤ እኛም «የማን እርድ ነው?» እንላለን። ማንም አይቀየምም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ አያነውሩም ነበር፤ ያልፈለጉትን ዝም ብለው ይተዉታል። እናንተም ሐራሙን በአደብ ተዉ፣ ሐላሉን በቢስሚላህ አጣጥሙ።

ወላሁ አዕለም።