ኪራይ የማይቆጠርበት፣ እቁብ የሚጠረጠርበት የቤት ብድር

በካናዳ የቤት ብድር ስሌት ፊት፣ ለዐሥር ዓመት ኪራዩን ከወር ወር ሳያዛንፍ የከፈለ ቤተ ሰብና አንድም ወር ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ቤተ ሰብ ልዩነት የላቸውም። ስሌቱ ሁለቱንም በአንድ ቁና ይሰፍራቸዋል። ከቪክቶሪያ ፓርክ እስከ ማርካም መንገድ በተዘረጉት የስካርቦሮ ፎቆች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ቤታቸውን ለመግዛት ወደ አበዳሪ ሲቀርቡ የሚገጥማቸው ይህ ነው፤ በገንዘብ አያያዛቸው ውስጥ እጅግ ጠንካራ የሆነው ማስረጃ ጨርሶ አይታይም፣ ወይም ከታየ በጥርጣሬ ይታያል።

ነገሩ የባንክ ሠራተኛ ክፋት አይደለም፤ በደንብ የተጻፈ አሠራር ነው። ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶ በታች ቅድመ ክፍያ የሚያቀርብ ገዢ ብድሩ የግድ ኢንሹራንስ ሊገባለት ይገባል። የካናዳ ሞርጌጅና ቤቶች ኮርፖሬሽን ለእንዲህ ያለው ብድር ሁለት ጣሪያ አኑሯል። የመጀመሪያው የብድሩን ዋናና ወለድ፣ የንብረት ግብርን፣ ማሞቂያንና የኮንዶ ወርኃዊ መዋጮ ግማሹን ደምሮ፣ ድምሩ ከግብር በፊት ካለው ገቢ ከ39 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ሁለተኛው በዚህ ላይ የመኪና ብድርን፣ የክሬዲት ካርድንና ሌላውን ዕዳ ሁሉ አክሎ በ44 በመቶ ያቆመዋል። ይህም ሁሉ የሚሰላው ተበዳሪው በእርግጥ በሚከፍለው ወለድ ሳይሆን በዚያ ላይ 2 ነጥብ ተጨምሮበት፣ ወይም በ5.25 በመቶ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በዓመት በድምሩ 110 ሺህ ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ለምሳሌ ይወሰዱ። የወር ገቢያቸው 44 በመቶ 4,033 ዶላር ግድም ነው። የመኪና ብድራቸው በወር 650 ዶላር ቢሆን፣ ለግብር 250፣ ለማሞቂያ 120፣ ከ600 ዶላር የኮንዶ መዋጮም ግማሹ 300 ቢያዝ፣ ለብድሩ ክፍያ የሚተርፈው 2,713 ዶላር ነው። ውሉ በ4.5 በመቶ ወለድ ቢሆን ፈተናው በ6.5 ይካሄዳል፤ በ25 ዓመት ክፍያ የሚፈቀድላቸው ወደ 405 ሺህ ዶላር ይሆናል። በክሬዲት ካርዳቸው ላይ 4,000 ዶላር ቢገኝና አበዳሪው እንደተለመደው 3 በመቶውን የወር ዕዳ አድርጎ ቢይዘው፣ ከሚፈቀድላቸው ብድር 18 ሺህ ዶላር ገደማ ይቀነሳል።

የልጆች መዋያ ክፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። የመኪና ኢንሹራንስ የለም። አስቤዛ የለም። ወደ አገር ቤት ለእናት የሚላከው የለም። ለስምንት ዓመት በየወሩ 2,400 ዶላር ኪራይ ከፍለው ከሆነም እርሱ የለም። በየወሩ 1,000 ዶላር እቁብ ይጥሉ ከነበረ፣ እርሱም የለም።

ኪራዩና እቁቡ ሲደመሩ 3,400 ዶላር ናቸው። ይህ ቤተ ሰብ ከሌላው ኑሮው በላይ በየወሩ ይህን ያህል ለዓመታት ማውጣት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። የ440 ሺህ ዶላር ብድር በ4.5 በመቶ የወር ክፍያው 2,435 ዶላር ያህል ነው፤ ግብሩ፣ ማሞቂያውና ሙሉው የኮንዶ መዋጮ ሲታከል 3,405 ይደርሳል። ቤተ ሰቡ ሲሸከመው ከኖረው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ስሌቱ ግን በ405 ሺህ ያቆማቸዋል። የ35 ሺህ ዶላሩ ልዩነት የመጣው መክፈል ስለማይችሉ ሳይሆን፣ የከፈሉትን የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው።

የፈተናው ተከራካሪዎች ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። የካናዳ ባንክ መሪ የወለድ ምጣኔ በማርች 2022 መግቢያ ከነበረበት 0.25 በመቶ በጁላይ 2023 ወደ 5 በመቶ ወጥቷል፤ ተጨማሪው 2 ነጥብ ባይኖር ኖሮ ብዙ ቤተ ሰብ በዚያ ማዕበል ይወድቅ ነበር። ተከራይም የጣሪያ ጥገናና ድንገተኛ የኮንዶ መዋጮ አይመጣበትም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ የሚጠየቀው ፈተናው እንዲቀር አይደለም፤ ፈታኙ ከፊቱ የተቀመጠውን ማስረጃ እንዲያነብ ነው። ጥንቃቄ ማለት ያለውን መረጃ አለመመልከት ከሆነ፣ ለአበዳሪውም ቢሆን ጥቅሙ አይታይም።

በዚህ ላይ አንድ ዐይን ያወጣ አድልዎ አለ። ኪራይ በቀኑ ሲከፈል አብዛኛውን ጊዜ በክሬዲት መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ሳይከፈል ቀርቶ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሲተላለፍ ግን ይጻፋል። ተከራይ በመዝገቡ ላይ ስሙ የሚነሳው ሲያጠፋ ብቻ ነው።

እቁብ ደግሞ የከፋ ዕጣ ይገጥመዋል። አበዳሪዎች የቅድመ ክፍያው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የ90 ቀን የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይጠይቃሉ። የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውርን ለመግታት የወጣው ሕግ ይህን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከኦክቶበር 11 ቀን 2024 ጀምሮ የሞርጌጅ ደላሎችና ባንክ ያልሆኑ አበዳሪዎችም በፊንትራክ ግዴታ ሥር ገብተዋል። ሃያ ሰዎች በወር አንድ ሺህ ዶላር የሚጥሉበት እቁብ ዕጣው የወጣለትን አባል በአንድ ጊዜ 20 ሺህ ዶላር ያስይዘዋል። በባንክ መግለጫው ላይ ግን የሚታየው ከብዙ ሰዎች በጥቂት ቀናት የገባ ምክንያቱ ያልታወቀ ገንዘብ ነው። ለቁጥጥር ሠራተኛው ደመወዝም፣ ስጦታም፣ ቁጠባም አይመስለውም። የሚጠየቀው ወረቀት ደግሞ ለእነዚህ ለሦስቱ ብቻ የተዘጋጀ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐቀኛ ቤተ ሰብ ወደ ሐሰት የሚገፋው። የቅርብ ዘመድ «ስጦታ ሰጥቻለሁ፣ መልሼ አልጠይቅም» ብሎ የሚፈርምበት ደብዳቤ በአበዳሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የእቁብ ገንዘብ በራሱ ስም ተቀባይነት ካጣ፣ የወንድም ስጦታ ተብሎ እንዲቀርብ የሚመክር አይጠፋም። ለብድር ማመልከቻ ሐሰተኛ ደብዳቤ ማቅረብ ማጭበርበር ነው። እውነቱን የሚጽፍበት ቦታ የሌለው ቅጽ ግን ለዚህ ጥፋት በር ይከፍታል።

በእርግጥ እቁብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አቤቱታ አቅራቢዎችም ይህን መሸፋፈን የለባቸውም። በመጀመሪያው ዙር የደረሰው አባል የያዘው ገንዘብ አብዛኛው ገና የሚከፈል ዕዳ ነው፤ በመጨረሻው ዙር የደረሰው ግን የራሱን ቁጠባ ነው የወሰደው። አበዳሪ ይህን ለይቶ ማወቅ መብቱ ነው። ለማወቅም አስቸጋሪ አይደለም። በደንብ የተቋቋመ እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም ቀሪውን ዙር እንደሚጥል ዋስ ይጠራል። የሰውን ልማድ አይቶ፣ ዋስ ተቀብሎ፣ ያጎደለውን ተከታትሎ ገንዘብ የሚሰጥ ማኅበር ባንኮች ብድር መገምገም ብለው የሚጠሩትን ሥራ ነው የሚሠራው። ዛሬ ደግሞ መዋጮው በኤሌክትሮኒክ ዝውውር ስለሚላክ እያንዳንዱ ጥሎሽ በባንኩ በራሱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል።

በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች ምዝገባ ሲካሄድ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሳያቋርጡ መቆጠብ ለዕጣው የሚያበቃ መስፈርት ነበር። መርሐ ግብሩ ብዙዎችን ለዓመታት ያስጠበቀ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ዕጣ እንኳ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት የተሰረዘበት ነው፤ ለአርአያነት የሚጠቀስ አይደለም። ሆኖም በየወሩ ማስቀመጥ የመክፈል ችሎታ ምልክት መሆኑን ያ መሥሪያ ቤት አልሳተውም።

መፍትሔው ግን አበዳሪ የቤተ ሰቡን ወጪ አንድ በአንድ እንዲመረምር ማድረግ ነው የሚሉ አሉ። ይህ መንገድ ተሞክሯል። ኒው ዚላንድ ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ አበዳሪዎች የተበዳሪን ወጪ በዝርዝር እንዲመረምሩ በደንብ ብታስገድድ፣ መክፈል የሚችሉ ሰዎች በቡናና በምግብ ቤት ወጪያቸው ተጠያቂ መሆናቸው ብዙ አቤቱታ አስነሣ፤ መንግሥት በማግሥቱ ዓመት ደንቡን ማላላት ጀመረ፣ በ2024 ደግሞ ዝርዝር ግዴታዎቹን አነሣ። በአውስትራሊያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዌስትፓክ ባንክን የከሰሰው ደንበኞች ካስመዘገቡት ወጪ ይልቅ በአማካይ የኑሮ ወጪ መለኪያ ተጠቅሟል ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2019 ክሱን ውድቅ አደረገ፣ ይግባኙም በ2020 አልተሳካም። ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ ሰው ቤት ሲገዛ ወጪውን ሊቀንስ ይችላል የሚል ነበር።

ወጪን መዘርዘር ለስካርቦሮ ቤተ ሰብ ከሁሉ ይብሳል። በየወሩ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደሴ የሚሄደው 500 ዶላር በመርማሪ ብዕር ቋሚ ግዴታ ከተባለ፣ ከላይ በተጠቀሰው ስሌት የሚፈቀደውን ብድር በ75 ሺህ ዶላር ገደማ ይቀንሰዋል። ሰው እናቱን በመጦሩ ሁለት ክፍል ቤት ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው በጥንቃቄ መቀረጽ አለበት፤ ተበዳሪው በፈቃዱ ያቀረበው የክፍያ ታሪክ ይቆጠርለት እንጂ፣ የባንክ መግለጫው የኑሮው መመርመሪያ አይሁን።

ለማን ይቀርባል የሚለው ብዙ ጊዜ ይስታል። ኢንሹራንስ ላልገባ ብድር ፈተናውን የሚወስነው የፋይናንስ ተቋማት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦስፊ ነው። የመጀመሪያ ቤት ገዢዎች በብዛት የሚገኙበት ኢንሹራንስ ያለው ብድር ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣን ነው። በዲሴምበር 15 ቀን 2024 ኢንሹራንስ የሚገባለት ቤት የዋጋ ጣሪያ ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያደገውና የ30 ዓመት ክፍያ ለመጀመሪያ ገዢዎች ሁሉ የተፈቀደው በዚሁ ሥልጣን ነው። ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ የተቻለበት ብዕር፣ ቢያንስ የ24 ወር ያልተጓደለ ኪራይ በሰነድ ላቀረበ አመልካች ከ44 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ምጣኔ እንዲፈቀድለት ለማዘዝ አይከብደውም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2024 የኪራይ ታሪክ ለክሬዲት ነጥብ እንዲቆጠር ለባንኮችና ለአከራዮች ጥሪ አቅርቧል፤ ጥሪ ግን ግዴታ አይደለም።

የክሬዲት መዝገብ ድርጅቶችን በኦንታሪዮ የሚገዛው የክፍለ ሀገሩ የሸማቾች መረጃ ሕግ ስለሆነ፣ በተከራዩ ፈቃድ የተከፈለ ኪራይ እንዲመዘገብ የሚጠይቀው ማሻሻያ መቅረብ ያለበት ለኩዊንስ ፓርክ እንደራሴዎች ነው። እቁብን በተመለከተ ሕግ መለወጥ እንኳ አያስፈልግም። ፊንትራክና የቤቶች ኮርፖሬሽኑ የእቁብ ገንዘብ በምን ሰነድ እንደሚረጋገጥ የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ ቢያወጡ ይበቃል፤ የአባላት ዝርዝር፣ የዙሩ ብዛትና የወር መዋጮ፣ አመልካቹ ስንተኛ ዙር እንደ ደረሰው፣ ገና የሚጥለው ቀሪ፣ የዳኛውና የጸሐፊው ፊርማ፣ ከ12 ወር የዝውውር ማስረጃ ጋር። ቀሪው ዙር እንደ ማንኛውም ዕዳ በ44 በመቶው ውስጥ ይግባ፤ የተጠናቀቀው ደግሞ ቁጠባ ተብሎ ይመዝገብ።