ጎንደር ተቀምጦ የአሜሪካን አየር ኃይል መጠበቅ

ባለፈው ወር ደባርቅ ካለችው አክስቴ ጋር አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ልጇ በኮምፒውተርና መረጃ ደህንነት የዶክትሬት ጥናቱን «ዲፌንድ» የሚያደርግበት ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። አክስቴ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ስላይዱን እያገላበጠ መጨረሻው ላይ ደረሰና በትልቁ የተጻፈ ቁጥር አሳየን፦ 99.8 በመቶ። የኔትወርክ ጥቃትን የሚለይ ሞዴል ሠርቶ ትክክለኝነቱ ይህን ያህል ሆነለት። አዳራሹ አጨበጨበ፤ አክስቴም እልል አለች።

ከፈታኞቹ መካከል አንድ ሽበታም ሰው ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቆዩ። «ዳታው ከየት መጣ?» አሉ። ልጁ ዞሮ አማካሪውን አየ። አማካሪው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የአገር ውስጥ ዳታ ለደህንነት ሲባል አይሰጥም። ለፒኤችዲ ደግሞ ዳታው ከየትም ይምጣ፣ ለውጥ የለውም» አሉ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታለፈ። እኔ ግን ይቺ «ለደህንነት ሲባል» ጉሮሮዬን እንዳነቀችኝ ነው ጎንደር የተመለስኩት።

ልጁ የተጠቀመበት ዳታ «ኬዲዲ ካፕ 99» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ገንዘቡን አወጣ፤ የኤምአይቲው ሊንከን ላቦራቶሪ ደግሞ የአንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ጦር ሰፈርን ኔትወርክ አስመስሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ገጣጠመ። ልብ በሉ፣ የእውነተኛ ጦር ሰፈር እንኳ አይደለም፤ ማስመሰያ ነው። ለሥልጠና የ7 ሳምንት፣ ለፈተና የ2 ሳምንት ትራፊክ ተቀዳ። ከዚያ ውስጥ ለሥልጠና ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የግንኙነት መዝገብ ወጣ፤ እያንዳንዱም በ41 መለያ ተገለጸ። ጥቃቶቹ «ስመርፍ»፣ «ኔፕቱን» የሚባሉ የዚያ ዘመን ጉዶች ናቸው። እኛ ያኔ በ1990 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ስልክ ለመደወል ቴሌ ሄደን እንሰለፍ ነበር።

በዳታው ላይ ትችት የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ጆን ማክሂው የተባለ ተመራማሪ ገና እ.ኤ.አ. በ2000 አብጠልጥሎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የካናዳው ኒው ብራንስዊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቆጥረው፣ ከሥልጠናው መዝገብ 78 በመቶው፣ ከፈተናው 75 በመቶው ድግግሞሽ ሆኖ አገኙት። አራት ጥያቄ ቀርቦ ሦስቱ የአንዱ ግልባጭ በሆነበት ፈተና 99.8 ማምጣት ምኑ ያስጨበጭባል? እሺ፣ ቁጥሩ እውነት ይሁን። አንድ ግቢ በቀን 1 ሚሊዮን ግንኙነት ቢያስተናግድ የቀረችው 0.2 በመቶ 2,000 ስህተት ናት። ጅብ ሳይመጣ በቀን 2,000 ጊዜ የሚጮህ ውሻ የጃናሞራ እረኛ አንድ ሌሊት አያሳድርም።

አማካሪው ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ያውቃሉ። «ለደህንነት ሲባል» የሚለው ግን ምቹ ነው፤ ተማሪውን ከመድከም፣ አማካሪውን ደብዳቤ ይዞ ከመንከራተት፣ ተቋሙን ገመናው ከመታየት ያድናል። እስቲ ይህን አባባል ሐኪም ዘንድ እንውሰደው። «ለጤናው ሲባል በሽተኛውን አላየሁትም፤ ግን የመረመርኩት ሌላ ሰው ደህና ነው።» የደህንነት ተመራማሪ ስጋቱን እንዳያይ በደህንነት ስም ከተከለከለ፣ ምኑን ሊጠብቅ ነው ዶክተር የሚባለው?

ያለበትን ግቢ ራሱን ያጠና ተማሪም ነበረ። ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1983 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ጽፎ፣ ፈቃድ ጠይቆ የሞከረው ራሱ በሚማርበት ግቢ ኮምፒውተር ላይ ነው። አምስት ጊዜ ሞከረ፤ አምስቱንም ጊዜ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ያዘ፤ ፈጣኑ ከ5 ደቂቃ በታች ፈጀ። አስተዳዳሪዎቹ ደንግጠው ተጨማሪ ሙከራ ከለከሉ፤ የኛን አማካሪ የመሰለ ሰው እዚያም አይጠፋም ማለት ነው። የኮኸን አማካሪ ሌን አድልማን ግን ነገሩን «ቫይረስ» ብሎ ስም አወጣለት። ያ ስም ዛሬ ደባርቅ ገበያ ስልክ የሚጠግነው ልጅ አፍ ላይ አለ።

ሩቅ ነው ከተባለ ወደ ቤታችን እንምጣ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ሆኖ ይሠራ ለነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በስካይፕ የስለላ ሶፍትዌር ያዘለ ፋይል ተላከላቸው። ፋይሉን በርብረው የጣሊያኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሥራ መሆኑን በየካቲት ለዓለም ከገለጹት፣ የካናዳው የምርምር ቡድን የሲቲዝን ላብ ሰዎች አንዱ ቢል ማርዛክ ነው፤ ያኔ የበርክሌይ የዶክትሬት ተማሪ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ የኛው የመረጃ መረብ ደህንነት ተቋም የኢንሳ ስም ወጣ። ለማርዛክም ዳታውን የሰጠው መንግሥት አልነበረም። ፋይሉ የተገኘው ከተጠቂዎቹ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ተማሪ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያጠና፣ የኢትዮጵያ ተማሪ የአሜሪካን አየር ኃይል ይጠብቃል። የባህል ልውውጥ ይሉት ይሆናል!

ዳታ የለም የሚሉትማ ቀልድ ነው። በአንድ ግቢ ሰርቨር ክፍል የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። ክፍሏ ትሞቃለች፤ ማራገቢያው ሲበላሽ በሩን በጄሪካን ከፍቶ ይይዘዋል። የፋየርዎሉን ሎግ አንድ ቀን አሳየኝ፤ ከየአገሩ በር የሚያንኳኳው፣ የመምህራንን የይለፍ ቃል በግምት የሚሞክረው መስመር በመስመር ይወርዳል። «ይሄን ማን ያየዋል?» አልኩት። «ማንም» አለኝ። ዲስኩ ሲሞላ በየወሩ ያጠፋዋል። ለተመራማሪ ለደህንነት ሲባል የተከለከለው መዝገብ ለቦታ ጥበት ሲባል ይደመሰሳል። ልጁ ዶክተር ስላልሆነ ደመወዙም በር የሚይዝለትን ጄሪካን ያህል ነው።

ጎንደር በዓታ አቋቋም ሊያስመሰክር የመጣ ደቀ መዝሙር «መቋሚያና ጸናጽል ለደህንነት ሲባል አልተሰጠኝም፤ ከውጭ በመጣ ፎቶ ነው የተማርኩት፤ 99.8 በመቶ ደርሻለሁ» ቢል ምን የሚባል ይመስላችኋል? መምህሩ ሳይሆኑ የቆሎ ተማሪው ነው በሳቅ የሚያባርረው።

ሌላ ምን ይጥና ለሚል፦ ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰልፈው ከንግድ ባንክ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ራሱ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናግሯል፤ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ የመጣ እክል ነው ተባለ። ወስደው ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ ተለጠፈ። የትኛው ፍተሻ ተዘለለ፣ ማሻሻያው ከመጫኑ በፊት የት ተሞከረ? ዶክትሬት መሠራት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ወይም ደግሞ እያንዳንዱ የደህንነት መመረቂያ ጽሑፍ ገጽ አንድ ላይ የሚዘምራቸው ሦስት እግሮች አሉ፤ ሚስጥራዊነት፣ ምሉዕነት፣ ተደራሽነት። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦበት ሦስተኛው እግር ሲቆረጥ በዓይናችን አየን። የአክስቴን ልጅ ጽሑፍ ማውጫ ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ። ስመርፍ አለ፤ ይኼ የለም።

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። አንድ የደህንነት ዶክትሬት ቢያንስ አንድ ምዕራፉ የዚህች አገር ሎግ ላይ ይቁም፤ ስም ይደበቅ፣ አድራሻ ይሰረዝ፣ ፈቃድ ይጠየቅ። ተቋሙ እምቢ ካለም እምቢታው ራሱ ከነደብዳቤው ጽሑፉ ላይ ይታተም።

ከዲፌንሱ በኋላ ምሳ ነበር። ድፎው ተቆረሰ፤ አማካሪው የክብር ቦታ ላይ ተቀምጠው ጉርሻ ይቀበላሉ። አክስቴ ዓምና አንድ ሰው ደውሎ «እማማ፣ ከቴሌ ነው፤ ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ብሏት ነበር። መነጽሯን አድርጋ፣ «እሺ የኔ ልጅ» እያለች አንድ በአንድ አነበበችለት። የገብስ ሽያጩ ብር በዚያው ሄደ። ይህን አልረሳችም። ወደ ልጇ ጠጋ ብላ «እንግዲህ አንተ ተመርቀህልኛል፤ ያ ሌባ ሲደውል ታውቀዋለህ አይደል?» አለችው።

ዶክተሩ እንጀራውን አስቀመጠና አማካሪውን አየ።

«እሱ ሌላ ዘርፍ ነው፣ እማዬ» አላት።