በአንድ ጣራ ሥር ለየብቻ ደጃፍ

ሰው ቤቴ ብሎ የሚጠራው የሚያድርበትን ክፍል ብቻ አይደለም፤ እንግዳ የሚቀበልበትን ደጃፍ፥ እንጀራ የሚጋገርበትን ማድ ቤት፥ ኀዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተከልበትን ግቢ ጭምር ነው። እንደ አቀስታና እንደ መካነ ሰላም ባሉት የደጋ ከተሞች ቦታ በጠበበ ጊዜ ቤት በቤት ላይ መደረቡ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ፥ ቀጥሎም ደሴንና ኮምቦልቻን በመሰሉ ከተሞች የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ቤተ ሰብ ከኪራይ አሳርፈዋል። ንድፍ አውጪዎቹም የአገሩን ልማድ አልዘነጉም፤ ለእርድ፥ ለልብስ አጠባና ለምግብ ሥራ የሚሆን የጋራ ቤት በግቢው አቁመዋል። ነገር ግን ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ ወርዶ፥ እንጀራውን ጋግሮ እንደ ገና መውጣት ለእናቶች የሚቀል አልሆነም፤ የጋራውም ቤት በአንዳንድ ስፍራ ለሌላ ጉዳይ ውሏል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ቤቱን የግል፥ የጋራ መገልገያውን የሁሉም ያደርጋል። የጎረቤት ክርክር አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ከጋራው ክፍል፥ ከጠረጋውና ከመብራቱ ስለ ሆነ፥ ንድፉ የጋራውን ባሳነሰ መጠን ሰላሙ ይበዛል።

አራት ቤተ ሰብ የሚይዝ ባለ ሁለት ደርብ ሕንፃ ቢታሰብ፥ የታችኞቹ ሁለቱ ቤቶች በየግቢያቸው በኩል፥ የላይኞቹም በየራሳቸው የውጭ ደረጃ ሊገቡ ይችላሉ። ቦታው ተዳፋት ከሆነማ ደረጃውም አያስፈልግም፤ የታችኛው ከታችኛው መንገድ፥ የላይኛው ከላይኛው መንገድ በእግሩ ይገባል። ይህ ለወሎ እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ በላሊበላ የሚገኙት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ደረጃቸው በውጭ ነው። የአንዱ መኝታ ከሌላው ማድ ቤት ጋር አይጎራበት፤ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ቢሆንም እንፋሎቱ የራሱን መውጫ ይሻል። ከኅዳር እስከ ጥር፥ ውርጩ በሚበረታበት ወራት፥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሳሎኑ ወደዚያ ይመልከት።

የማዘጋጃ ቤት ሹም ንድፍ ሲቀርብለት የፎቁን ብዛት ከመቍጠሩ አስቀድሞ፥ የነፍስ አባት ለጠበል ሲመጣ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ፥ አስከሬንም ሳያዘነብል በየትኛው ደረጃ እንደሚወርድ ከወረቀቱ ላይ ይፈልግ።