የሕይወት ታሪካቸውን ከቀብራቸው በፊት እንስማ

በአገራችን አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ፣ ከቤተሰቡ ጽሕፈት ይችላል የተባለው ሰው ሌሊቱን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ነገ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ማዘጋጀት አለበት። የትውልድ ዘመናቸውን ሲጠይቅ አንዱ 1935 ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ጣሊያን ሳይወጣ ነው የተወለዱት» ብሎ ይከራከራል። የእናታቸው ስም ሲጠየቅ ደግሞ ቤቱ ዝም ይላል። መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በማግስቱ የሰማንያ ዓመት ኑሮ በግማሽ ገጽ ተነብቦ ያልቃል፤ ለቀስተኛውም «ለካ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ!» እያለ ይመለሳል።

ይህ ልማድ በእኛ ዘመን ይብቃ። አያቶቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ!

ነገ እጠይቃለሁ ለሚል ሰው ቀኑ እያጠረ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ዛሬ ብትኖር ዕድሜዋ መቶ ገደማ ይሆናል። ያን ዘመን በዓይኑ አይቶ የሚናገር ሰው በየሰፈሩ ብንፈልግ የምናገኘው ጥቂት ነው። አሁን ተራው የቀጣዮቹ ነው። አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ከሰባ አልፏል። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጭሰኛ የነበረው፣ መሬቱ የተወረሰበት ባለርስት፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የወረደው ተማሪ፣ በ1977 ድርቅ ልጅ አዝላ ከቀዬዋ የተሰደደች እናት፣ ሁሉም ዛሬ የአንዳችን አያት ናቸው። አንድን አዋጅ መጽሐፍ ይነግረናል። አዋጁ በሬዲዮ በተነገረ ቀን ማታ በእኛ ቤት ምን እንደተባለ ግን የሚነግሩን እነሱ ብቻ ናቸው።

ወረቀት ያስቀረዋል ብለን አንዘናጋ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር ተወልዶ ያደገው አብዛኛው ሰው የልደት መዝገብ የለውም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ (ወመዘክር) ብንሄድ የነገሥታቱንና የሹማምንቱን ደብዳቤ እናገኝ ይሆናል፤ የአያታችንን ሠርግ ግን አናገኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋው የሴቶቹ ታሪክ ነው። ስማችን የሚይዘው አባትንና የአባትን አባት ነው። ሰባት ቤት ቁጠር የተባለ ልጅም ብዙውን ጊዜ የሚደረድረው ወንዶችን ነው። እናት፣ የእናት እናት፣ የእናት አያት ከየት ተድረው እንደመጡ፣ ስንት ወልደው ስንቱን እንደቀበሩ በየትኛውም ስም ላይ አልተንጠለጠለም። ያለው በአንዲት አሮጊት ልብ ውስጥ ነው። እስቲ ይህን የምታነቡ ሁሉ የእናታችሁን እናት እናት ስም ጥሩ። መጥራት ካቃታችሁ ጥሪው በቀጥታ ለእናንተ ነው።

ይህን የምንለው ዘር ቆጥረን ጎራ እንድንለይ አይደለም። እንዲያውም በርትቶ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያልጠበቀውን ነው፦ ከሌላ አገር ተድራ የመጣች ቅድመ አያት፣ በጡት ልጅነት የተሳሰረ ቤት፣ ሃይማኖት የለወጠ ወንድም፣ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ዛሬ በቤቱ የማይሰማ አያት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ያላወቀ ሰው ሌሎች የነገሩትን ማንነት ተሸክሞ ይኖራል።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ማለት አያዋጣም፤ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ይሏችኋል። ቡና ይፈላ፤ ስልኩ ላይ መቅጃው ይከፈት፤ ፈቃዳቸውም ይጠየቅ። ከዚያ ትንንሹን ጠይቁ። «እማማ፣ እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? የእሳቸውስ እናት? ሲዳሩ ስንት ዓመትዎ ነበር? መጀመሪያ የገቡበት ቤት ምን ይመስል ነበር? ገበያ የሚወጡት የት ነበር?» የድሮ ፎቶ ካለ አውጡና በውስጡ ያለውን ሰው ሁሉ በስም አስጠሩ፤ ከጀርባው ጻፉት። ዓመተ ምሕረቱ ከጠፋባቸው አታስጨንቋቸው። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ታቅፈው የነበረው የትኛውን ልጅ ነው? እያላችሁ አስጠጉት። የቦታ ስም ሲጠሩ አውራጃውንና ወረዳውን ጨምራችሁ ያዙ። መንዝና ግሼ፣ ጨርጨር፣ ይፋትና ጥሙጋ የሚባሉትን አውራጃዎች ዛሬ ካርታ ላይ በዚያው አጠራር የሚፈልግ የልጅ ልጅ መንገዱ ይጠፋበታል። የሚናገሩበትን ቋንቋም አትቀይሩባቸው፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ ካወጉ በዚያው ይቀዳ።

የማይነካ ቁስልም አለ። በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ እናት፣ በረሃብ ጊዜ ሕፃን መንገድ ላይ ቀብረው ያለፉ አባት ዝም ሊሉ ይችላሉ። ዝምታቸውን አክብሩ፤ ቀን ሲፈቅድ ራሳቸው ያነሡታል። ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ቢያወሩትም ዳኛ አትሁኑ፤ ሁለቱንም ያዙ።

በውጭ ያላችሁ ደግሞ ጥድፊያው ይብስባችኋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚያድገው ልጅ ከአያቱ ጋር የሚገናኘው በስልክ ነው፤ አማርኛው ሲያጥር ወሬው ከ«ደህና ነሽ?» አያልፍም። በእስራኤል የሚኖሩት፣ በሱዳን በረሃ በእግራቸው የተጓዙት እንዲሁም በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከተወሰዱት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን መካከል የነበሩት ሽማግሌዎች የመንገዱን ታሪክ የያዙት በአማርኛና በትግርኛ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አፍ የፈቱት በዕብራይስጥ ነው። በመካከል ያለው ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ልጅ ድልድይ ካልሆነ ወሬው እዚያው ይቆማል። አያት በስልክ ሲያወሩ ቅዱ፤ ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጆች አቆጣጠር ለይታችሁ ጻፉ።

ሥራው ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እድሮች ሆይ፣ የአባሎቻችሁን ስም እየመዘገባችሁ ለሞታቸው የምትዘጋጁትን ያህል፣ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን የሚይዝ አንድ መዝገብ ክፈቱ። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት፣ የመስጊድ ጀመዓዎች፣ ከስብሰባችሁ መጨረሻ አንድ አዛውንት እንዲያወጉ ጊዜ ስጡ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ለክረምት «አያትህን ጠይቀህ ና» ብላችሁ ሸኙ።

መጪው በዓል ቤተሰቡን አንድ ቤት ይሰበስባል። እንቁጣጣሽም ይሁን መስቀል፣ ገናም ይሁን አረፋ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ከልጅ ልጆች አንዱ ይቅዳ፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ይጠይቅ። አያት የሌለው የጎረቤቱን አዛውንት ይጠይቅ። ተነሡ፣ ዛሬውኑ ደውሉ! እነሱ ለመናገር ዝግጁ ናቸው፤ የጎደለው ጠያቂ ነው።