ጎመን በጤና

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወርዶ ወደ መርካቶ የሚሻገር መንገደኛ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ያውቀዋል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ አትክልት ተራ በዚሁ አካባቢ ስለ ነበረ ጎመኑ፥ ካሮቱና ቲማቲሙ ተከምሮ ይታይ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ፥ እሑድ ቀን ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ለልጆች የሚይዘው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ እንጂ ጎመን አይደለም። ጎመን የችግረኛ ምግብ፥ ጣፋጭ ግን የፍቅር ምልክት ሆኖ ተቈጥሯል። ይህን የምናነሣው ስጦታን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ወደ ወጣቶች የሚገባበትን በር ለማመልከት ነው።

ይህ ሕመም ቀድሞ የጎልማሶችና የሽማግሎች ይባል ነበር። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ባይተውም፥ ሰውነት ለኢንሱሊኑ መታዘዙን እየቀነሰ ሲሄድ ስኳር በደም ውስጥ ይጠራቀማል። አንደኛው ዓይነት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ወላጅ ሊያስቀረው አይችልምና በእርሱ የታመመውን ልጅ ወላጆች መውቀስ አይገባም። ሁለተኛው ዓይነት የዘር ዝንባሌ ከውፍረትና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሊከላከሉት ይቻላል።

«ይህ የባለጸጎች አገር ሕመም ነው፤ እኛን አይነካም» የሚል ቢኖር፥ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተጓዙትን ቤተ እስራኤላውያን ያስታውስ። በጎንደርና በትግራይ ገጠር ሳሉ ሕመሙ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1980 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ግን በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር በብዛት መታየቱን ገለጸ። ደማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዳቸውና አኗኗራቸው ነው። በአዲስ አበባም ብዙ ቤተሰብ ከሰፈሩ ሳይወጣ ይህንኑ ጉዞ እየተጓዘ ነው።

ሕመሙ በልጅነት ሲጀምር ደግሞ ይከፋል። በአሜሪካ ከ10 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ሜትፎርሚን የተባለው የተለመደ መድኃኒት ብቻውን በግማሽ ያህሉ ላይ ስኳሩን ሊገታ እንዳልቻለ አሳይቷል። በ15 ዓመቱ የታመመ ልጅ፥ ሥራ ይዞ ትዳር በሚመሠርትበት ዕድሜ ዓይኑና ኩላሊቱ ሊጎዱበት ይችላሉ።

እንግዲህ ወላጆች ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ማዕዳቸውን ይመርምሩ። በ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር፥ ማለት ከሰባት የሻይ ማንኪያ የማያንስ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ይህን የመሰለው ስኳር ከዕለቱ ምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፥ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። 5 በመቶው ለአንድ ጎልማሳ 25 ግራም ያህል ነውና አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ግብር አስከፍሏል፤ ይሁን እንጂ አዋጅ ከጓዳ አይገባም። በጓዳ የሚያዝዙት እናትና አባት ናቸው። በለስላሳው ፈንታ ውሃ፥ በብስኩቱ ፈንታ ቆሎ፥ ከእንጀራውም ጋር ጎመንና ምስር ቢቀርብ ወጪውም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፥ ልጆች በእግራቸው ይሂዱ። ለዚህ ዕድሜ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ከፒያሳ እስከ ድልድዩ ላለው መንገድ ታክሲ መጠበቅ ምን ይባላል? አባት ከልጁ ጋር ቢራመድ፥ ጨዋታውም ምክሩም በመንገድ ያልቃል።

ሦስተኛ፥ አንደበታቸውን ይጠብቁ። በእኛ ዘንድ «ወፈርክ፥ አማረብህ» ማለት ምስጋና ነው፤ ነገር ግን ውፍረት ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም። በሌላ ወገን ወፍራሙን ልጅ በእንግዳ ፊት መሣቂያ ማድረግ ተደብቆ እንዲበላ ያስተምረዋል እንጂ አያከሳውም። ደንቡ ለአንዱ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ይሁን። አባት ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር እያጣፈጠ ልጁን ቢከለክል ማን ይሰማዋል?

በመጨረሻም፥ በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ካለና ልጁ ከመጠን በላይ ከወፈረ፥ የአንገቱ ቆዳ ከጠቆረ፥ ወይም ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛበት ሳይዘገዩ ያስመርምሩት። ምግብ ሳይቀመስ የሚለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ሕመሙ ገብቷል ማለት ነው።

ይህን ለወላጆች ስንጽፍ እናንተን ወጣት አንባቢዎቻችንን አልዘለልናችሁም። በመጀመሪያ ደመወዙ ለታናናሾቹ ለስላሳ በሳጥን የሚያስገባው ወጣት ሠራተኛ የነገ አባት ነው፤ በጤና ትምህርት ያነበበችውን ለእናቷ የምታስረዳው ተማሪም የነገ እናት ናት። ድልድዩ የተሰየመባቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ «አባ መላ» ይባሉ ነበር። የዚህም ሕመም መላው ሩቅ አይደለም፤ ከቤት ነው። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት ለድህነት መጽናኛ ብቻ መስሎን ከሆነ፥ ዛሬ ምክር መሆኑን እንረዳ።