አሳብ ብቻውን ፓተንት አያሰጥም





በግሽ ዓባይ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አንዳንድ ተማሪዎቼ «መምህር፣ አንድ የንግድ አሳብ አለኝ፤ ሰው ሳይቀድመኝ ፓተንት እንዴት ላውጣበት?» እያሉ ይመጣሉ። አሳቡ ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ግን እኔንም ስለሚጠረጥሩ አይነግሩኝም። ላልተነገረ ነገር ምን ምክር ይሰጣል?

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የንግድ ሥራ ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጎታል። ከቡሬ ጤፍ ገዝቶ ባሕር ዳር ላይ እንጀራ መሸጥ መልካም አሳብ ነው፤ ማንም ግን ሊሠራው ይችላል። ጤፉን ከአሸዋ የሚለይ አዲስ መሣሪያ የሠራ ሰው ግን፣ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ አሠራሩን ጽፎ ቢያመለክት፣ የ15 ዓመት ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። ምስጢሩን መግለጥ ግዴታው ነው፤ ጥበቃውም የዚሁ ዋጋ ነው።

ጤፍን ካነሣሁ ዘንድ የሆላንዱን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የሚባል የሆላንድ ኩባንያ በ1997 ዓ.ም. ስለ ጤፍ ዘር ከአገራችን መሥሪያ ቤቶች ጋር ተዋዋለ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ቢከስርም ፓተንቱ በሌላ እጅ ቆየ። ፍሬ ነገሩ ምን ነበር ቢሉ፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሰንብቶ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል የሚል ነው። ፍኖተ ሰላም ያለችው እናቴ አዲስ የተወቃ ጤፍ ሳይሰነብት አታስፈጭም፤ ማን ጽፎላት! በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልኃት የለበትም ብሎ በሆላንድ አገር ውድቅ አደረገው። በችሎቱ ቆሞ የተከራከረው ግን በጤፍ ዱቄት ምክንያት የተከሰሰ የዚያው አገር ኩባንያ ነበር እንጂ ከእኛ ወገን ማንም አልነበረም። ይህ ያስቆጫል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሠራተኞቹን ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ልኮ የማመልከቻ አጻጻፍ ቢያስተምርልን፣ አዳራሹንና ተማሪውን እኛ እናዘጋጃለን። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሠራነውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ያስጽፉን ነበር። በዚያ ልማድ በትምህርት ቤታችን አንድ መዝገብ ከፍቻለሁ። እስካሁን ስድስት ሥራ ከነሥዕሉ ገብቶበታል፤ አንዱ የማር ማጣሪያ ነው።

አንድ መምህር
ከግሽ ዓባይ